ሞተሩ የጠጣው

የአየር ማስገቢያውን ከሞተሩ ላይ አንስቼ የእጅ ባትሪዬን ወደ ቀዳዳዎቹ አበራለሁ። ቫልቮቹ አይታዩም። በነበሩበት ቦታ በዘይት የራሰ ጥቁር ካርቦን እንደ ምስጥ ኩይሳ ተቆልሏል።

ዴኒስ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታያለች። አባቷ ሚስተር ታኬት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህ ፒክአፕ መንገድ ላይ አስቁሟቸው ልጃቸው ስትደርስ ሞተሩ ውስጥ የቀረው ዘይት ጥቂት ነበር። ጨምሬበታለሁ አሉ። እሷ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች፤ አንዲት ጠብታ የለም። ያልፈሰሰ ዘይት አይጎድልም፤ ስለዚህ አባቷ ረስተዋል። ዛሬ ዘይት የረሳ ነገ ምድጃ ይረሳል። ቁልፉን ወሰደችባቸው፤ እርሻውን ትተው ሳክራሜንቶ እሷ አጠገብ እንዲገቡ አንድ ክፍል አየችላቸው። ሚስተር ታኬት የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መካኒኩ ይፍረድ።

እኔ ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልቼ መኪናውን ለዴኒስ ሰጠኋት፤ ሁለት ሳምንት ሥራ የሄደችበት በእሱ ነው። ዛሬ ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ራሷ መዘዘች፣ ጠረገች፣ መልሳ ነክራ አየች። ሁለት ጣሳ ጎድሏል። የምታቆምበት ቦታ ግን ደረቅ ነበር።

"የት ገባ?" ትለኛለች አሁን።

ሞተሩ ጠጣው እላታለሁ። በድሮዎቹ ሞተሮች ቤንዚኑ በቫልቮቹ ላይ እያለፈ ያጥባቸው ነበር። በዚህኛው ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው የለም፤ ከአየሩ ጋር የሚመጣው የዘይት ጭጋግ ላያቸው ላይ ይጋገራል። ደግሞም ረጅም መንገድ ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱ ያርፋሉ። ዘይቱን አብዝተው የሚስቡት ያረፉት ናቸው።

"እንደ ወንድሜ ነዋ" ይላሉ ሚስተር ታኬት ከወንበራቸው። "እሱም የሚጠጣው ሥራ ሲፈታ ነው።"

ዴኒስ አትስቅም። ቀዳዳውን እያየች ነው።

ካርቦኑን የምናነሳው እንደ ሻካራ አሸዋ በተፈጨ የዋልነት ለውዝ ቅርፊት ነው። በአየር ግፊት ሲረጭ ጥቁሩን ይፍቃል፣ ብረቱን አይጭርም። ከጆንያው ስዘግን ሚስተር ታኬት ተነስተው ይመጣሉ። ቆንጠር አድርገው ያሸታሉ፤ ትንሽ ምላሳቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ሃምሳ ዓመት ዋልነት ያመረቱ ሰው ናቸው።

"ፍሬውን እየሸጥኩ ቅርፊቱን ሳቃጥል ኖርኩ" ይላሉ። "ይሄን ያህል ሞኝ መሆኔን ማንም አልነገረኝም።"

ኮምፕሬሰሩን አስነሳለሁ። አቧራውን ከሚስበው መምጠጫ ያመለጠው ብናኝ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ በበሩ በሚገባው የቀትር ብርሃን ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ አይወርድም። ሚስተር ታኬት መሐሉ ቆመው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዛፉ ሲነቀነቅ ፍሬው እንዴት እንደሚዘንብ፣ ከፍሬው ዝናብ በኋላ አቧራው ለሰዓታት እንዴት አየር ላይ እንደሚቀር ይናገራሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም። ጋራዡ ግድግዳ የሌለው ይመስለኛል። ከቅጠል በታች የቆምን፣ አንድ ሰው ከወዲያ በኩል የሚጠራን ይመስለኛል።

የጠራችኝ ዴኒስ ናት። ኮምፕሬሰሩን አጠፋለሁ።

"ስለዚህ አባዬ አልረሳም ነው የምትለኝ?"

ሞተር የሚመሰክረው ስለ ዘይት ብቻ ነው።

"ኤፕሪል ላይ ዘይቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ" እላታለሁ። "ከዚያ ወዲህ እስከዚህ ኦክቶበር ድረስ ስድስት ሺህ ማይል ሄዷል። በዚህ አጠጣጡ ማንም ባይጨምርበት ኖሮ ኦገስት ሳያልቅ ደርቆ ይቆም ነበር። በጋውን ሙሉ ሲጨምርበት የከረመ ሰው አለ። የመጨረሻዋን ጊዜ ግን አላውቅም።"

ዴኒስ ወደ አባቷ ትጠጋለች። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በአባቷ መዳፍ ላይ ታኖርና ጣቶቻቸውን ራሷ ትዘጋቸዋለች። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ትወጣለች። ስለ ክፍሉ ለሆነ ሰው ይቅርታ ስትጠይቅ ይሰማኛል።

ሚስተር ታኬት ወደ ሞተሩ ጠጋ ይላሉ። የጸዳው ቫልቭ በቀዳዳው ውስጥ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ረጅም ጊዜ ያዩታል።

"ስለዚህ" ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጨምሬ ነበር ማለት ነው?"

ያነሳሁት መፍቻ እጄ ላይ ይቀራል። ዓይናቸው ዓይኔን እየፈለገ ነው፤ በሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው።

"ጨምረዋል" እላቸዋለሁ። "ብዙ ጊዜ።"

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የሩቅ ዘመድ ደህና መግባቱን እንደሰማ ሰው ፈገግ ይላሉ።

"አባዬ፣ ምን እያልከው ነው?" ትላለች ዴኒስ ከበሩ።

"ጨምሬ ነበር እያልኩት ነው" ይላሉ ሚስተር ታኬት። ድምፃቸው እያንዳንዷን ጣሳ የሚያስታውስ ሰው ድምፅ ነው።