አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀረው

እናቱ ውርርድ አትወድም። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ የዛሬውን የጣሊያን የብስክሌት ውድድር ያሸንፋል ብሎ በስልኩ አምስት መቶ ብር መመደቡን አልነገራትም። አወራራጁ ድርጅት ለወንድሙ የሰጠው ኦድ ስልሳ ነው፤ ካሸነፈ ስልሳ እጥፍ ይከፍላል፤ ማንም አልገመተውማ!

"ያ ቀይ የለበሰው ነው ያፌት?" አለች ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ።

"አዎ እማዬ! ብቻውን አምልጦ ወጥቷል። አምስት ኪሎ ሜትር ነው የቀረው።"

"ቢያሸንፍስ?"

"ቡድኑ ለሦስት ዓመት ያስፈርመዋል። ካላሸነፈ በሚቀጥለው ሳምንት ጓዙን ጠቅልሎ መምጣቱ ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ለሌላው ብስክሌተኛ ውሃ ሲያቀብል ኖሮ፣ ቀኑ ዛሬ ነው! ጸልዪለት እንጂ።"

"እየጸለይኩ እኮ ነው" አለችው። እውነትም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

እሱ በሠላሳው ሺህ ብር በሐሳቡ ብስክሌት ገዝቶ፣ ከወንድሙ ጎን የጣሊያንን ተራራ ሽቅብ መጋለብ ጀምሯል።

ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ከኋላ የመጡት እንደ ጎርፍ ዋጡት። ያፌት አሥራ አንደኛ ገባ።

ታናሹ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቀና ሲል እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

"በል ተነስ፣ ሱቅ ሳይዘጋ ጃንጥላ እንግዛ። ደህናውን፣ ባለ ወርቅ ዘርፉን።"

"አሁን ጃንጥላ ምን ያደርግልሻል?"

"ለገብርኤል ነው" አለች ጫማዋን እያጠለቀች። "ልጄን ዘንድሮ ወደ ቤቱ ከመለስክልኝ ብዬ ተስዬ ነበር።"