ለሁለት ሰው የተጠየቀ ቪዛ

ከኤምባሲው የመጣውን ደብዳቤ የከፈተችው የልብስ ሰፊዋ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛ ሁልጊዜ የምታነብላት እሷ ነበረች። እናትዬዋ አብረው ለሚሄዱበት ብርዳም አገር የምትሰፋላትን ካፖርት እየዘመዘመች አዳመጠች።

«ያንቺ የሥራ ቪዛ ተፈቅዷል። ሙያሽ በጣም ይፈለጋል ይላል።»

«ያንቺስ?»

ልጅቷ ድምፅዋን ሳትለውጥ አነበበች። «በዲኤንኤ ምርመራው መሠረት፣ ልጅ ተብላ የቀረበችው የአመልካቿ ልጅ አይደለችም።»

ካፖርቱ አንድ እጅጌ ይቀረው ነበር።

«እናቴ ማናት?»

«ታላቅ እህቴ። አንቺን ስትወልድ አረፈች።»

«ታዲያ ለምርመራው ምራቅ ስጡ ሲሉን ለምን ዝም አልሽ?»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ካፖርቱ ላይ ሰካችው።

«እንዳልወለድኩሽ ረስቼው ነበር» አለች።