ከሸንተረሩ ጀርባ ያለችው ክብ

ሄሊኮፕተሩ ወደ ሸለቆው አፍ ሲጠጋ ኦክ ሄሪም በስክሪኗ ካርታ ላይ ትንሿን አረንጓዴ ክብ አየቻት። የገብስ ሻይዋን ወደ አፏ ልታደርስ ያነሳችው እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

ክቧ እዚያ መኖር አልነበረባትም። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር ሰው ብቻ የሚገባባት ወጥመድ ናት። የምታስነሳው ግን ሚሳኤል አይደለም። ድምፅ ነው፤ የሟች ባሏ የሻለቃ ኩ ቴጂን ድምፅ።

ተልዕኮውን ከባዶ አልሠራችውም። በዚህ የምስለ በረራ ማሠልጠኛ ከባዶ የሚሠራ የለም። ቴጂን በሕይወት ሳለ የሠራችውን የበረዶ ወራት ተልዕኮ አንስታ በረዶውን በጭጋግ ተካችው፤ የጠላትን ራዳር ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ ቴጂን ለመሪው አብራሪ ሚና የቀዳላትን ንግግሮችም፣ አንዱንም ሳትሰማ፣ እየለቀመች አወጣች። አንዷ አመለጠቻት። ተልዕኮውን የሞከሩላት ወጣት አብራሪዎች በሙሉ ጭጋጉን ፈርተው ከፍ ብለው ስለበረሩ በሚሳኤል ተመተው ነበር። ክቧን የነካት ሰው አልነበረም፤ ያልተነካች ክብ ደግሞ አትናገርም።

«እትዬ» አለ የዛሬው ተፈታኝ ሻምበል ፒዮ ዶንሁ ከምስለ በረራው ወንበር በጆሮ ማዳመጫዋ። «ይሄ ጭጋግ ነው ወይስ ድስት ጥደው ረስተውት ነው?»

«ሁለት ቁጥር፣ ሥራህን ሥራ» አለች። የመቆጣጠሪያ ጣቢያው ድምፅ እሷ ነበረች፤ ሁለት ቁጥር የፒዮ የበረራ መጠሪያ ነው።

ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ትንፋሹ አጭር አጭር እያለ ይሰማት ነበር። ባለፈው መኸር አንድ ቁጥር ሆኖ ይመራ የነበረው ቴጂን ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ከተራራ ጋር ሲጋጭ ከኋላው የነበረው ፒዮ ነው። አንድ የጎመን ማሳ ላይ አርፎ አገኙት፤ ጣቶቹን ከመሪው ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈለገ። ከዚያ ወዲህ አልበረረም። ዛሬ ይህን ሸለቆ ካለፈ ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ካላለፈ ዕድሜ ልኩን ከወረቀት ጋር ይቀመጣል።

ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመውን ፈታኝ፣ ኮሎኔል ሜንግን አየችው።

«ኮሎኔል፣ ለአፍታ ላቋርጠው ብል?»

«ካቋረጡት ወድቋል ብዬ እፈርማለኋ። ደንቡን የጻፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ። «እንዲህ የሚያዝኑለት ከሆነ ጭጋጉን ለምን አወፈሩት?»

ያወፈረችው ቴጂን የገባበት እውነተኛው ጭጋግ እንደዚያ ስለነበር ነው።

የራዳሩ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ጠላት አይቶታል። ከፍ ቢል ሚሳኤል ይጠብቀዋል፤ ዝቅ ቢል ባሏ። ፒዮ ጥሩ አብራሪ ነበር። ዝቅ አለ።

ከፍታው ሲወርድ ቁጥሮቹን በዓይኗ ተከተለቻቸው። ድምፁን የቀዱበት እሑድ ድቅን አለባት። ቴጂን ድምፁ እንዳያስተጋባ ወጥ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቁጭ ብሏል። «ትንሽ ፍራ እንጂ፣ ጦርነት ላይ ነህ» ስትለው፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አንቺ ከፊቴ ቆመሽ ከዚህ በላይ ልፍራ?» ብሏት ነበር።

ማዳመጫውን ለማውለቅ እጇን ሰደደች። ጆሮዋ ጋ ስትደርስ ተወችው። ይህን ለብቻው ሊሰማው አይገባም።

ሄሊኮፕተሩ ክቧን ነካ።

«ሁለት ቁጥር፣ እዚያው ዝቅ በል። አይዞህ፣ ከኋላህ ነኝ።»

ያው እሱ ነበር። ሳቁን እንደዋጠ የሚያስታውቅበት፣ «አይዞህ» ላይ ጎተት የሚለው እሱ። ቀጥሎ አንድ ረዥም ፉጨት መጣና ተቋረጠ።

በስክሪኑ ላይ ሄሊኮፕተሩ ተንገዳገደ። ጅራቱ ወደ ጥድ ዛፎቹ ዞረ። የፒዮ እጅ መሪው ላይ እየደረቀ መሆኑን ታውቃለች፤ በዚህ ከፍታ ላይ የደረቀ እጅ ደግሞ ለማረም ጊዜ አያገኝም። ጅራቱ ቅርንጫፎቹን ሊነካ ሲል ቆመ። ተመለሰ። ሄሊኮፕተሩ ከሸንተረሩ ጀርባ ረግቶ ተንሳፈፈ፤ ጠላት የተኮሰው ሚሳኤልም በላዩ አልፎ ባዶ ሜዳ ላይ ፈነዳ።

«መጨረሻ ላይ የነበረው ፉጨት ምንድን ነው?» አለ ኮሎኔሉ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ። «የሞተር ብልሽትም ጨምረውበታል?»

«የሩዝ ማብሰያችን ነው» አለች።

ኮሎኔሉ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቀስ ብሎ ቀና አለና እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ በእጁ ያዘ።

የራዳሩ ጩኸት ጠፍቷል። ፒዮ አሁን ተነስቶ መሄድ ነበረበት፤ አልተነሳም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ጣቢያ» አለ በመጨረሻ። ቀልድ የሚባል ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። «አንድ ቁጥርን ልጠብቀው?»

በዚህ ተልዕኮ ውስጥ አንድ ቁጥር የሚባል የለም። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። አብራሪ ግን የቡድኑ መሪ ከኋላህ ነኝ ካለው ጣቢያውን ሳይጠይቅ ጥሎት አይሄድም።

ከመኸር ጀምሮ ማታ ማታ ለራሷና ለቴጂን ሁለት ሰሃን ታቀርብ ነበር።

የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

«አትጠብቀው» አለች። «መንገዱ ክፍት ነው። ቀጥል።»

ከዚያ ትንሹ ሄሊኮፕተር፣ ለታላቅ እጅ እንደሚነሳ ሰው አፍንጫውን ዝቅ አደረገና ወደ ጭጋጉ ገባ።