የሁሉም ፊት

ልጄ ዘቢደር በምትማርበት አገር ተማሪው ሁሉ በሄደበት አንድ ዓይነት ፊት እንዲለብስ ታዟል፤ በዘሩና በመልኩ የሚናቅ እንዳይኖር ነው አሉ። ስትደውል ስልኩ ላይ የማያት ሰማያዊ ዓይንና ሙሉ ጉንጭ ያላት ልጅ ናት። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የቆጠርኩትም ከሥሯ የሚጻፈውን ስም አንብቤ ልጄ መሆኗን ለማወቅ ነው።

«ይሄ የማን ፊት ነው?» አልኳት።

«የማንም አይደለም እማዬ። እኩል እንድንሆን ነው።»

«ታዲያ የአባትሽን አፍንጫ ምነው አላደረጉበት?»

ሳቀች።

«ከስተሻል አይደል?» አልኳት።

«ጉንጬን እያየሽ?»

«ጉንጩማ የሁላችሁም ነው። ተነሺና ቀበቶሽን አሳዪኝ።»

እያጉረመረመች ተነሳች። ቀበቶዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል። ፊቱ ግን እንደወፈረ ነው።

«ምግቡ አልተስማማሽም?»

«ብቻዬን አይበላልኝም እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ምግብ ቤቱ ውስጥ አበሻ ቢኖርም በምን አውቀዋለሁ?»

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኳት። «ነገ መብላት ስትጀምሪ ጮክ ብለሽ ‹እንብላ!› በይ። ‹ብይ፣ ይባረክ› ያለሽ የኛ ሰው ነው።»

«በዚያ ሁሉ ሰው መሃል? ኧረ አፍራለሁ!»

«ማን እንደሆንሽ ማን ያውቃል?»