ለዘወትር የምትሆን መኪና

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሙሉእመቤት መኪና ካልተገዛ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ሰፈሩን የገረመው መኪናው አይደለም። ባሏ ለይኩን ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ ይሠራል፤ ከጅማ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መመላለሱ አንገሽግሾታል። የገረማቸው ጥድፊያዋ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የተዳረች፣ ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ የማትከራከር ሴት፣ የጥሎሽ ወርቋን ሸጣ ባሏን ወጥራ ያዘችው።

"ምን ያስቸኩላል? መንገዱ ይድረቅ እንጂ" አለቻት ጎረቤቷ ዙሀራ።

"ዝናቡ ሳያባራ ነው የሚሻለኝ፣ እትዬ።"

ዙሀራ ከንፈሯን መጠጠች። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ነገሩን በልቡ ያልያዘው አልነበረም። የሙሉእመቤት ታናሽ ወንድም ዳባ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ከማሰልጠኛ ጠፍቷል። አብዮት ጠባቂዎች ቤቷን አገላብጠው ፈትሸዋል፤ አልጋ ስር፣ ማድ ቤት፣ እህል ጆንያ ውስጥ ሳይቀር። ጠፍቶ የተያዘ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ሁሉም ሰምቷል። እናታቸው ዳባን አደራ ብላ የሞተችው ለእሷ ነው።

"መኪና ካለን ይተርፋል" አለችው ለባሏ፣ ልጇን እያጠባች። "ከሌለን አይተርፍም።"

ለይኩን በነጋታው አሮጌ መኪና እያደሰ ወደሚሸጠው ወደ ሸኩር ወሰዳት።

ሸኩር አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በመጀመሪያ አንዲት ነጭ ፊያት አሳያቸው።

"ቤንዚን ናት። ወላሂ ስትሄድ ድመት ናት! አጠገብህ ቆማ አትሰማትም።"

"ያቺስ?" አለች ሙሉእመቤት። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ቆማለች።

"እሷ ናፍታ ናት። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ጥለዋት ሄዱ። ለዘወትር እንደሷ የለም፤ ሰው ቤንዚን በኩፖን ሲሰለፍ እናንተ ትስቃላችሁ። ታዲያ ትጮሃለች።" የኋላ በሯን ወደ ላይ ከፈተውና መቀመጫውን አጠፈው። "ስፋቷን እዩልኝ! ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛባታል።"

ለይኩን ሚስቱን አየ። እሷ መሬት መሬቱን አየች።

ሸኩር ሞተሩን አስነሣው። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ጀርባዋ ላይ የነበረው ሕፃን ነቅቶ አፉን ከፈተ፤ እያለቀሰ መሆኑ የታወቀው በእንባው ነው። ሙሉእመቤት ከሸኩር ኋላ ቆማ "ጋሽ ሸኩር" ብላ ጠራችው። አልዞረም። ጮክ ብላ ደገመች። አልዞረም።

ወደ ባሏ ጆሮ ተጠግታ "ይቺ ትሁን" አለችው።

"ማርሚታዋ ተበስቶ ነው እንጂ ይህን ያህልም አትጮህ" አለ ሸኩር ሞተሩን አጥፍቶ። "ጭሱ የሚወጣበትን በይጄ ነው የምሰጥሽ። ነገ ትደርሳለች።"

"ግድ የለም፣ ይቆይ።"

"ማሎ! ሰፈሩ ይረግምሻል እኮ!"

"ይርገመኝ።"

ሸኩር ወደ ለይኩን ዞሮ ሳቀ። "ሴት መኪና ስትመርጥ አየሁ። ቀለሟን ወደደችው መሰለኝ።"

ከዚያ ወዲያ ጊንጆ በማለዳ የሚነቃው በሰማያዊዋ መኪና ሆነ። ለይኩን ኋላዋን ከቤቱ ግድግዳ አስጠግቶ ያቆማታል፤ ጎህ ሲቀድ አስነሥቶ አቧራው እስኪቦን ያስጓራታል። ናፍታ ካልሞቀ አይሄድም ይላል።

"ኧረ ሙሉዬ!" ዙሀራ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "እሁድ እንኳ አትምሩንም? እሁድ የግል መኪና መንዳት በአዋጅ ክልክል ነው! ለምን ታስነሷታላችሁ?"

"ባትሪው እንዳይሞት ነው፣ እትዬ።"

"ባትሪው ሳይሞት እኛ አለቅን!"

የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ዋቅጅራ ግን አልሳቀም። ለይኩን ወደ ሊሙ በወጣ ቁጥር ኬላው ላይ ይጠብቀዋል። የኋላ በሩን ያስከፍተዋል፤ መቀመጫውን ያነሣል፤ ጆንያውን በሽቦ ይወጋል። ምንም አያገኝም።

"አንድ ቀን ትጭኑታላችሁ" ይለዋል። "ያን ቀን እኔ አለሁ።"

ለይኩን ይህንን ማታ ለሙሉእመቤት ይነግራታል። ከስታ አጥንቷ ወጥቷል፤ ጡቷም ነጥፎ ሕፃኑ ይነጫነጫል። የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድብ የከረመው ዝናብም ጨርሶ ቆመ። በሩ ኳ ባለ ቁጥር ትደነብራለች።

አንድ እሁድ ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ ዋቅጅራ ሁለት ባለጠመንጃ አስከትሎ ግቢው ገባ። መኪናዋ እያጓራች ነበር።

"ዛሬ ነው!" ብሎ ጮኸ። "እሁድ ሞተር የሚያስነሣ ሊያመልጥ ያሰበ ብቻ ነው!"

"ባዶ ናት፣ ፈትሻት!" ለይኩንም ጮኾ መለሰለት።

ዋቅጅራ ፈተሸ። የኋላ በሯን ከፈተ፤ መቀመጫውን ነቀለ፤ በሆዱ ተኝቶ ከስሯ አየ። ባዶ ናት። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ፊቱ በእልህ ቀልቷል።

"እናት አገር ጦርነት ላይ ሆና ናፍታ በከንቱ ታቃጥላላችሁ?" አለና እጁን በመስኮቱ ሰደደ።

"ጓድ ዋቅጅራ! በልጄ ይዤሃለሁ!" ሙሉእመቤት ሮጣ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። "ትንሽ ትሙቅ! ጥቂት ብቻ!"

ዋቅጅራ ገፈተራትና ቁልፉን አዞረው።

ግቢው ጸጥ ሲል፣ ከቤቱ ኮርኒስ በላይ ዳባ የማለዳ ሳሉን ገና አልጨረሰም ነበር።