አንድዬ ሰባት

ሰዓት ጠጋኙ የጌም ነገር አይሆንለትም። የትልቁ ማኅበራዊ ሚዲያ ስድብና ማስታወቂያ ሲያንገሸግሸው፣ ተጫዋቾች በገዛ ሰርቨራቸው ወደከፈቱት አንድ ትንሽ የኢንተርኔት መንደር ጓዙን ጠቅልሎ ገባ። ሊመዘገብ እናቱ እሱን የምትጠራበትን ስም፣ “አንድዬ” ብሎ ቢጽፍ፣ ተይዟል ተባለ። እስከ ስድስት ያለውም ተይዞ ኖሮ “አንድዬ ሰባት” ሆነ።

“ለካ የእናት አንድ እንዲህ በዝቷል!” ብሎ ሳቀ።

የመንደሩ ደንብ፣ አዲስ ገቢ የሚጫወትበትን ቦታ ፎቶ መለጠፍ ነው። እሱም ጠረጴዛውንና የተሰነጠቀውን መስኮቱን አንስቶ ለጠፈ።

“እንኳን ደህና መጣህ ወንድማችን፤” ብሎ ጻፈለት አንድዬ ሁለት። “ጠረጴዛውን በካውያ ያቃጠልኩት ዛሬም አለቀቀም?”

“አንተ ደግሞ! በልጅነቴ እኔው ነኝ ያቃጠልኩት።”

“ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው።”

ነገሩ ስላላማረው የነባሮቹን ፎቶ ከስድስት ጀምሮ ወደኋላ እየከፈተ አየ። ኮምፒውተሩ እያረጀ ሄደ እንጂ ጠረጴዛው ያው ነው፤ መስኮቱም ከነስንጥቁ ያው። ወንበሩ ላይ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ የማያውቀው ሰው ተቀምጧል።

ይኼኔ አንድዬ ስድስት ጻፈ፦ “ወንድሜ፣ ጫማህን አድርግ። እኔን ስታስወጣኝ ጫማ እንኳ አላስደረገችኝም።”

ጫማውን በዓይኑ ሲፈልግ፣ እናቱ ከማድ ቤት በዚያ በሚያውቀው የፍቅር ድምፅ ተጣራች።

“አንድዬ!”

“አቤት እማዬ!” አለ፣ እፎይ ብሎ።

“አንተን አይደለም፤” አለችው።