ወላጅ አምጪ

መምህሩ ፍሬገነትን «ወላጅ አምጪ» ያሏት ስለረበሸች አይደለም፤ ፓወር ስለደመረች ነው። እናትየዋ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች።

«ኤክስ ፓወር ሁለት ቅንፍ ውስጥ ገብቶ እንደገና ፓወር ሦስት ሲደረግ» አሉ መምህሩ፣ የፈተና ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፤ «ሁለቱና ሦስቱ ተባዝተው ስድስት ይሆናሉ። የእርስዎ ሊቅ ግን ደምራ አምስት አለችን። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ተአምር አይቼ አላውቅም። ማን ነው ያስጠናት?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ልጅቱ ምን ታድርግ። ለመሆኑ እርስዎን ያስተማረዎት ጠቢብ ማን ይባላል? ሄጄ እጁን ልሳመው።»

እናትየዋ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ደብተር አወጣች። የታጠፈውን ገጽ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። ያው ጥያቄ ነው። ኤክስ ፓወር አምስት የሚለው መልስ በቀይ ራይት ተደርጎበታል፤ ከጎኑም «ጎበዝ፣ በርቺ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ፊርማ በልጅቷ የፈተና ወረቀት ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

«ማትሪክ የወደቅሁት በአንድ ጥያቄ ነው» አለች።